ትራስ ሥር ያደረ ስልክ

የእናቴ ስልክ ትራስ ሥር ነው የሚያድረው፤ ያውም እንደተሰካ። ይኼን የሰማ ሰው «ስልክ እንዲህ ይወደዳል?» ይላል። የመውደድ ጉዳይ አይደለም። እማዬ አትሰማም። ልጅ ሆና ታማ ነው ጆሮዋ የሄደው። ዳጣ ፈጭቶ የሚሸጥ ሰው ደግሞ በገበያ ቀን ጎህ ሳይቀድ መነሳት አለበት፤ ደህና ደህናውን ቃሪያ ቀድሞ የደረሰ ነው የሚወስደው። ሌላው ሰው ማንቂያው ሲጮህለት ይነቃል፣ እማዬ ትራሷ ሲንቀጠቀጥላት ነው የምትነቃው። መብራቱም መጣሁ ሄድኩ ስለሚል፣ በመጣበት ሰዓት ያልሰካ ሰው ነገ ያዝናል። ስለዚህ ስልኩ ይሰካል፣ ትራስ ሥር ይገባል፣ እማዬም ትተኛበታለች። ጠዋት ሲወጣ እንደ ተቀቀለ ድንች ይሞቃል።

እኔ ወሰንየለሽ እባላለሁ። ከአምስተኛ ክፍል ነው ትምህርት የተውኩት። «ትምህርቱ ነው አንቺን የተወሽ» የሚሉ የሰፈር ሰዎች አሉ፤ ይበሉ። አባቴ ሁምቦ ሌላ ቤት አለው። እኛ ሶዶ ውስጥ ሁለት ነን፣ እማዬና እኔ፤ ስልኩን ከቆጠርነው ሦስት።

ስልኩ ለእማዬ የሚያገለግለው ለአንድ ሰው ነው ማለት ይቻላል። እታፈራሁ ትባላለች፤ ዲምቱ ነው የምትኖረው፤ እሷም አትሰማም። የተዋወቁት እዚሁ ሶዶ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ የምልክት ቋንቋ ሲማሩ ነው። እማዬ ኦርቶዶክስ፣ እታፈራሁ ጴንጤ፤ ብዙ የሚያጣላቸው ነገር ሊኖር ይችል ነበር፣ ግን ወሬ ሲበዛ ለጠብ ጊዜ አይተርፍም። በዕድሜ እናቴን ታክላለች፤ እኔ ግን አንቺ ነው የምላት። እማዬ ያስተማረችኝ እጅ አንቱ የለውም።

ማንበብ ሁለቱም አይሆንላቸውም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከእራት በፊት ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው፣ በቪዲዮ በእጃቸው ያወራሉ። እማዬ የስልኩን ብርሃን እስከ መጨረሻው ታወጣዋለች፤ እጅ በጨለማ አይነበብማ። ቻርጅ እያደረገችም ታወራለች። ስልኩ ሲግል ትነፍስበታለች፣ እንደ ሻይ።

አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እንደ እናቴ ላሉ ሰዎች ከስድብ ሁሉ የሚከፋው ዓይን መጨፈን ነው። ሰው እያናገረሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ፊትሽን ካዞርሽ፣ ዝም በል ማለትሽ ብቻ አይደለም፤ በር ዘግተሽበት ሄድሽ ማለት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ተናድጄ ሞክሬዋለሁ። እማዬ በዕለቱ ስትፈጭ በነበረችው ዳጣ እጇ ጉንጬን ያዘችኝ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን የምጨፍነው ስተኛ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ማታ እታፈራሁ በስልኩ ብቅ ስትል ጥቁር ነጠላ ለብሳለች። እኔ ጥግ ላይ ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። እማዬ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ «ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት። እታፈራሁ እጇን አንስታ መልሳ አወረደችው። እንደገና አነሳችው።

«ጠዋት ነቃሁ» አለ እጇ። «ቤቱ ባዶ ነው። ባሌ የለም። ልጆቹ የሉም። ከብቶቹ እንኳን አልተፈቱም። ጎረቤት ጋ ሄድኩ። ጎረቤቴ በጣቷ ወደ እናቴ መንደር አሳየችኝ፤ መንገዱ የግማሽ ቀን ነው። ሄድኩ። እናቴ ግቢ በር ላይ ስደርስ ድንኳን ተተክሏል፤ እኔ…»

ስልኩ ጠፋ። ሠላሳ አራት በመቶ ነበረው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ጭልም አለ።

እማዬ አነሳችው፣ ጫነችው፣ መታችው። ሰካችው፤ መብራት የለም። የባትሪው ምልክት ቀይ ሆኖ ብቅ ይልና ተመልሶ ይጠፋል። እማዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። ሌላ ጊዜ ስትናደድ እጇ ነው የሚጮኸው። ያን ማታ ዝም አለ።

ጠዋት መብራት ሲመጣ ስልኩ ተነሳ። እማዬ ደወለች። እታፈራሁ ዘጋችው። ደግማ ደወለች፤ ዘጋችው። በሦስተኛው ላይ የእኔን ባለ ቁልፍ ስልክ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ለባሏ ደውይ ማለቷ ነው።

«ጋሽ ባዳቾ፣ እታፈራሁ ለምንድነው ስልክ የማታነሳው?»

«አንቺ የሐመልማል ልጅ ነሽ?»

«አዎ።»

«አይ ልጄ። እናቷ ሞታባታለች እኮ። የነገረቻችሁ መስሎኝ።»

«ልትነግረን ስትል ስልክ ጠፋ።»

«እሷ እንደዚያ አትልም። ልጆቹ እንደነገሩኝ፣ ሐመልማል በመሃል ዓይን ጨፈነችብኝ ነው የምትለው። አንቺም እንደ ሌላው ሰው ሆንሽብኝ ትላለች።»

«እማዬ አልጨፈነችም። ባትሪ ነው።»

«እሱን ለራሷ ንገሪያት። እኔ በእጄ የማውቀው እህል፣ ውሃ፣ ከብቶቹ ገቡ፤ ይኼው ነው። ደግሞ እኔንም ማየት ትታለች።»

ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። እየጎተተ ነገረኝ። መርዶው የመጣው ሌሊት ነው፣ በእሱ ስልክ። ወንድሞቿ ተጯጩኸው መጡ፣ እሱም ልጆቹን ይዞ እየሮጠ ወጣ። እሷ ተኝታለች። እሱ ወንድሞቿ የሚቀሰቅሷት መስሎታል፤ ወንድሞቿ እሱ የቀሰቀሳት መስሏቸዋል። የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው።

ይኼን ለእማዬ ስነግራት እጄ ዛለ። «መስሎታል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ተነሳች፣ ስልኩን በመሐረብ ጠቀለለች፣ ወጣን።

ሚልክያስ ስልክ የሚሠራው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኛውና በጣቱ ገፋው። ስልኩ እንደ እንዝርት ዞረ።

«ወሰኔ፣ ይኼ ስልክ አርግዟል።»

«አባትየው ትራስ ነው» አልኩት።

ሳቀ፤ ግን ጀርባውን ሲከፍተው ሳቁን ተወ። ባትሪው አብጦ ክዳኑን አጉብጦታል። በጥንቃቄ አወጣውና ጥግ ላይ ያለች አሸዋ የተሞላች ጣሳ ውስጥ ከተተው። «ይኼን ወግተሽው ቢሆን ኖሮ ቤታችሁ ይነድ ነበር። ማን ነው ትራስ ሥር የሚያሳድረው?»

እማዬ እጇን አወጣች። አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ የምትይዘው ግን ጥቂት ነው፤ እኔ መሃል ቆሜ አስተላልፋለሁ። እኔ ስተረጉም ትንሽ እጨምራለሁ፣ ትንሽ እቀንሳለሁ። ያን ቀን ግን ምንም አልጨመርኩም።

«ባትሪ የሚገድለው ሙቀት ነው» አለ። «ትራስ ሥር ስትከቱት መተንፈሻ ያጣል። መቶ ከሞላ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ እየሞላ ሲጠብቅ ደግሞ ይጨነቃል። ቀን እስኪጠፋ ትጨርሱታላችሁ፤ ማታ እስኪፈነዳ ትሞሉታላችሁ። ያረጀ ባትሪ ሠላሳ አለኝ ብሎ ይዋሻል፤ ከዚያ ድንገት ይወድቃል።»

«ካልሞላን ታዲያ በምን እንተማመን?» አለች እማዬ በእኔ በኩል። «መብራቱን እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

«ሰማንያ ሲደርስ ንቀሉት። ሃያ ሳይደርስ ሰኩት። መንገድ ስትሄዱ መቶ ብትሞሉት አይሞትም፤ ዘወትር ግን አታድርጉት።»

እማዬ ይኼን ስነግራት አላመነችም፤ ከፊቷ ታወቀኝ። ሰው ግማሽ ሞልቶ ይበቃል እንዴት ይላል? በቤታችን የሞላ ነገር ነው ጥሩ ነገር፤ እንስራ ይሞላል፣ ጀሪካን ይሞላል። ሚልክያስ ሌላ ባትሪ ፍለጋ መሳቢያ ሲያምስ፣ እሷ የጎበጠውን ክዳን አንስታ በአውራ ጣቷ ስትዳብሰው ቆየች። ከዚያ ድንገት ትከሻዬን መታችኝ።

«ዳጣ» አለች።

«ምን ዳጣ?»

«ዳጣ እስከ አፉ ሞልተሽ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርገሽ፣ ምድጃ አጠገብ ብታስቀምጪው?»

ይኼንንማ አውቃለሁ። ይብላላና ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል። አንዴ አሳድሬው ግድግዳው ቀይ ሆኗል። ለዚህ ነው ከአንገቱ በታች የምንሞላው፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ የምናኖረው። ለሚልክያስ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ልክ ናት» አለ። «ከአንገቱ በታች።» ከዚያ በኋላ ለደንበኞቹ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው አሉ፤ ከየት እንደሰማው ግን አይናገርም።

አዲሱን ባትሪ ገጠመልን። አዲስ ክዳንም አደረገለት። የድሮውን ክዳን ሊጥለው ሲል እማዬ ከእጁ ወሰደችበት።

ቀረ አንድ ችግር። ስልኩ ትራስ ሥር ካላደረ እማዬን ማን ይቀሰቅሳታል? በማግስቱ ለቅሶ ልንደርስ ዲምቱ መሄድ አለብን፤ የመጀመሪያው መኪና ደግሞ በጠዋት ነው የሚወጣው። ስልኩን በር አጠገብ፣ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት፣ ነፋስ በሚያገኘው በኩል። ማንቂያውን በድምፅ አደረግኩት። ከዚያ ከበርበሬ ጆንያ ላይ ሲባጎ ፈታሁ፣ አንዱን ጫፍ የእማዬ የእጅ አንጓ ላይ፣ ሌላውን የእኔ ቁርጭምጭሚት ላይ አሰርኩት። ስልኩ እኔን ይቀሰቅሳል፣ እኔ እግሬን እስባለሁ። ከአምስተኛ ክፍል ወጥቼ ይኼው ማንቂያ ሆኜ ተቀጠርኩ። እማዬ ተኝታ እንኳን ትስቅ ነበር፤ ገመዱ ሲንቀጠቀጥ ታወቀኝ።

ዲምቱ ይሞቃል። መኪናው ውስጥ ፀሐይ በመስኮት ስለምትገባ ስልኩን ከቀሚሴ ሥር ደበቅኩት። እማዬ መንገዱን ሙሉ እጇን አልፈታችም። የጎበጠውን ክዳን ይዛ ወደ ውጭ ታያለች። እኔም አሰብኩ። ስንት ሰው ነው በዚያ ሌሊት የጮኸው? ሞተች ለማለት ሰፈሩን የቀሰቀሱ ሰዎች፣ አንድ እጅ ትከሻዋ ላይ ማሳረፍ ነው ያቃታቸው።

እታፈራሁ ግቢዋ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ባዳቾ ራቅ ብሎ ቆሟል፣ እንደ እንግዳ። እማዬን ስታይ ፊቷ ሊፈታ ነበር። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ጥርቅም አድርጋ።

እንግዲህ ዓይኗን የጨፈነችን ሰው በምን ታናግሪያታለሽ? ብትጮሂ አትሰማ፤ እጅሽን ብታወናጭፊ አታይ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እማዬ ጫማዋን አወለቀች፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፣ የእታፈራሁን እጅ ይዛ ዘረጋችውና ያንን ክዳን መዳፏ ላይ አስቀመጠችው።

እታፈራሁ እጇን ልትነጥቅ ነበር። ጣቷ ግን ጉብታውን አገኘው። ዳሰሰችው። በሌላኛው እጇም ዳሰሰችው። ዓይኗን ገለጠች።

«ስልኩ ነው የሞተው» አለች እማዬ። «እኔ እያየሁሽ ነበር። ድንኳኑ ላይ ደርሰሽ ነበር። ከዚያ ጨለማ ሆነ።»

እታፈራሁ እጇን አነሳች። «ድንኳኑ ላይ?»

«ድንኳኑ ላይ። ግን ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

እንደገና ጀመረች። ነቃሁ፤ ቤቱ ባዶ ነው። ጎረቤቷ፣ መንገዱ፣ በሩ፣ ድንኳኑ። በዚህ ጊዜ አልተቋረጠም።

«ድንኳን ሳይ የሰፈር ሰው ሞቷል አልኩ» አለች። «ሴቶቹ መሃል ገብቼ እናቴን ፈለግኳት። ማን እንደሞተ ልጠይቃት።»

እማዬ ዓይኗን አልነቀለችም። እንባዋ ሲወርድ እንኳን አልጠረገችውም፤ ብትጠርገው ትንሽ ይጋርዳታላ። እኔ ወደ ከብቶቹ ዞርኩ። እኔ መስማት ስለምችል መዞር ይፈቀድልኛል።

ብዙ ቆይተው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ፣ እታፈራሁ የራሷን ስልክ አምጥታ ሰጠችኝ። ጀርባው ለብ ይላል።

«የት ነው የሚያድረው?» አልኳት።

ሁለቱን እጆቿን አጣምራ ጉንጯን አሳረፈችበት። ትራስ ሥር።

ስለ ዳጣው እማዬ ነገረቻት። እኔ ደግሞ ቦርሳዬን ከፍቼ ሲባጎውን አወጣሁ፤ ጥዬው አልመጣሁም ነበር። እንዴት እንደሚታሰር አሳየኋት። አንዱ ጫፍ እዚህ፤ ሌላው የሚሰማ ሰው እግር ላይ። «ከልጆቹ ማን ነው እንቅልፉ ቀላል?» ብዬ ጠየቅኩ፣ በእጄም በአፌም።

ጋሽ ባዳቾ ከቆመበት መጣ። ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ። እግሩን ወደ እታፈራሁ ዘረጋ።

«ጋሽ ባዳቾ፣ ሌሊት ይራገጣሉ እንዴ?» አልኩት።

«እራገጣለሁ።»

«ጥሩ ነው፤ ትነቃለች።»

እታፈራሁ እግሩን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ የከብት አዛባ የደረቀበት ትልቅ እግር። ፊቱን አላየችም። ከዚያ ሲባጎውን ከእጄ ወስዳ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አዞረችና ቋጠረችው፣ በደንብ ጠበቅ አድርጋ። ገና ጀምበር አልጠለቀችም ነበር፤ እሱ ግን ፍቺልኝ አላላትም።