ትከሻ የሚቀያየርበት መንገድ

ህሊና በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የትራንስፖርት ጂኦግራፊ መምህርት ናት። ከመርሳ በላይ ተራራው ላይ ወደ ተንጠለጠለችው፣ ቀይ አፈር ወደምትባለው መንደር የሚወጣው አዲስ መንገድ በየት በኩል ይለፍ የሚለውን ጥናት የያዘችው እርሷ ነበረች። እንዲህ ላለች መንደር መንገድ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ መስመሩ ከተሳሳተ የሚያርመው ቶሎ አይገኝም። ህሊና ይህን ስለምታውቅ ቤት ለቤት እየዞረች፣ «ወደ መርሳ በየት ትወርዳላችሁ?» ብላ ጠይቃለች።

ወንዱም ሴቱም፣ «በአቋራጩ ነዋ!» አሏት።

አቋራጩ ሰው በማይኖርበት ቁልቁለት ይወርዳል። ባልደረባዋ ኤርሚያስ ከሳተላይት ምስል ያሰላው መስመርም እዚያው ላይ ዐረፈ። ሕዝቡና ስሌቱ ስለተስማሙ ህሊና ደስ ብሏት ሥራዋን ዘጋች። የቀረው ወልድያ ለሚቀመጠው የመንገድ ጉባኤ ማቅረብ ብቻ ነበር።

በጉባኤው ዋዜማ፣ ልትሰናበት በወጣችበት ጠዋት ግን የአያ ንጉሴ ምራት ሸዋዬ ምጥ ጠናባት። አያ ንጉሴ የመንደሩ ዕድር የሆነው የቅሬው መሪ ናቸው፤ ቅሬው ሙት እንደሚቀብር ሁሉ በሽተኛም ይሸከማል። ወዲያው ቃሬዛ ወጣ፤ ጎረምሶች ሸዋዬን አንሥተው ገሠገሡ። መንገዱ ከሚከፈልበት ሲደርሱ ግን አቋራጩን ትተው በጋራው ወገብ ወደሚዞረው ረጅም መንገድ ታጠፉ።

«ኧረ አያ ንጉሴ!» አለች ህሊና እየሮጠች። «አቋራጩ ወዲህ ነው!»

«እናውቃለን ልጄ።»

«ታዲያ ምጥ የያዛት ሴት ይዘው መዞር ምን ይባላል?»

ከፊት የተሸከመው ዘውዱ ሳይዞር፣ «መምህርት፣ በአቋራጩ ከሆነ አንቺና ካርታሽ ትሸከሙልናላችሁ?» አላት። ተሸካሚዎቹ እያለከለኩ ሳቁ።

ሸዋዬ ከቃሬዛው ላይ፣ «ሳቃችሁን ትታችሁ ተራመዱ!» ብላ ጮኸች።

ብዙም ሳይሄዱ ከመጀመሪያው ጎጥ ደረሱ። ጥሪው ቀድሟቸው ኖሮ ኢስሐቅ ከጎረቤቶቹ ጋር ከደጁ ቆሞ ይጠብቃል። «ቢስሚላህ!» ብለው ትከሻቸውን ከቃሬዛው ሥር አስገቡ፤ ቃሬዛው መሬት ሳይነካ የደከመው ወጣ፣ ያልደከመው ገባ። የኢስሐቅ ሚስት ናጅዋ፣ «አብሽሪ፣ አይዞሽ እናቴ፣ አላህ ያቅልልሽ» እያለች ለሸዋዬ ውኃ አቀመሰቻት። በቀጣዩ ጎጥም፣ ከዚያ በታች ባለውም እንዲሁ ሆነ።

ህሊና ዞር ብላ አቋራጩን ተመለከተችው። ከላይ እስከ ታች አንድ ጣሪያ አይታይበትም። በዚያ ቢወርዱ ትከሻ የሚቀበላቸው ማን ነበር?

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች።

አያ ንጉሴ ላባቸውን ጠረጉ። «በየት ትወርዳላችሁ አልሽን፤ በእግራችን የምንወርድበትን ነገርንሽ። በሰው ትከሻ የምንወርድበትን መች ጠየቅሽ?» ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «እኛም አላሰብንበትም። መኪና ሊመጣ ነው ሲባል ደስታው ዐይናችንን ጋረደው።»

እስከ መርሳ ድረስ ህሊና ይህንኑ እያሰላሰለች ወረደች። መኪናው የቀይ አፈርን ሰው ይዞ በባዶው ቁልቁለት ቢወርድ፣ ስንት ዘመን ትከሻቸውን ያዋሱት ጎጦች ያለ መንገድ ይቀራሉ። ነገ የናጅዋ ልጅ ስታምጥ ደግሞ ከላይ የሚወርድላት ተሸካሚ አይኖርም። ለአንዲት መንደር በጎ የሚመስለው መስመር ለሌሎቹ በደል ነበር፤ እርሷም በገዛ እጇ ልታስጸድቀው አንድ ቀን ቀርቷት ነበር።

ሸዋዬ መርሳ ጤና ጣቢያ በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች። ህሊና ልጅቱን አይታ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ለኤርሚያስም ደወለች።

«መስመሩ ይለወጥ።»

«አብደሻል? ጉባኤው እኮ ነገ ነው! አጭሩን ትተሽ ዙሪያውን?»

«ስሌቱን ርቀት ጠየቅነው፣ ርቀት መለሰልን። ጎጦቹን አስገባና ደግመህ አስላ።»

ኤርሚያስ በረጅሙ ተነፈሰ። «እሺ፣ አሰላለሁ። ሲያፋጥጡሽ ግን እኔን ከኋላ ወንበር ፈልጊኝ።»

እንዳለው ከኋላ አልተደበቀም፤ በጉባኤው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። አንድ የጉባኤው አባል ዙሪያው ወጪ እንደሚጨምር አንሥተው አጥብቀው ተከራከሩ። ህሊና አልሸሸችም። «ትምህርታችን እስከ ዛሬ አንድ መኪና ከዚህ እዚያ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚደርስ መለካት ተክኗል» አለች። «ወደፊት ግን በመንገዱ ማን እንደሚታቀፍ፣ ማን ከመንገዱ ውጭ እንደሚቀርም መለካት አለበት። እኔ ይህን ሳልለካ ነው የመጀመሪያውን መስመር ያሰመርሁት።» የሸዋዬንም ጉዞ ከጎጥ እስከ ጎጥ ተረከችላቸው። ክርክሩ እስከ ምሳ ዘለቀ፤ በመጨረሻ ዙሪያው ጸደቀ።

ክረምቱ አልፎ ቀያሾች ሲመጡ ህሊናም አብራ ወጣች። መኪና ገና ወደ ላይ ስለማይወጣ የመንገዱ መስመር የሚለይባቸው ችካሎች የሚጫኑበት ጠፋ። አያ ንጉሴ ቃሬዛውን አስወጡ፤ ችካሎቹ እንደ ሸዋዬ ተኝተው በጋራው ወገብ ጉዞ ጀመሩ። ሸዋዬም ልጇን አዝላ ከኋላ እየተከተለች፣ «እነዚህስ አይጮኹባችሁም!» ትላቸዋለች።

ዘውዱ ከፊት ቆም አለና ትከሻውን ዝቅ አደረገ። «መምህርት፣ ካርታሽን አስቀምጪ። ተራሽ ነው።»

ህሊና ካርታውን አጣጥፋ ለአያ ንጉሴ ሰጠች፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ደረብ አድርጋም ከቃሬዛው ሥር ገባች። ከባድ ነበር። ኢስሐቅ ከደጁ ሆኖ፣ «አብሽሪ!» እያለ እየሳቀ ሊቀበላት እስኪመጣ ድረስ አላወረደችም።