ጻኦዉ የተጣደ ቀን

ሹሊያን ባዶውን ቅል በሚንቦ እጅ ስታይ ድስቱ አበቃለት ብላ ደመደመች። ቅሉ የቀዝቃዛ ውሃ መቅጃ ነው፤ እሳት ላይ የተጣደው ደግሞ ጻኦዉ ነው።

ጻኦዉ የተራራችን ጥቁር ሥር ነው። መድኃኒት አዋቂዎች ለቁርጥማት ይሰጡታል፤ እኛ ብርዱ ሲገባ ከአሳማ እግር ጋር ቀቅለን እንበላዋለን፣ ገላ ያሞቃል። በደንብ ካልበሰለ ግን ይገድላል። ስለዚህ ከንጋት ጀምሮ እሳቱ ለአፍታ አይበርድም፤ ውሃ ቢጎድል የሚጨመረው የፈላ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ከነካው ይደፋል።

ሚንቦ የልጇ እጮኛ ነው፤ ከተማ ውስጥ መኪና ይጠግናል። ሹሊያን ጎመን ልትቀነጥስ ስትወጣ ድስቱን አደራ ያለችው ልትፈትነው ይመስለኛል። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ሽታው ጠርቶኝ ከኋላዋ ተከትዬ ገባሁ።

ጨምረህበታል ወይ ብላ ጠየቀችው። ቀላና አንገቱን ደፋ። እሷም አመነ ብላ ድስቱን ማውጫ ጨርቅ ፍለጋ ዞረች። አንድ ሙሉ የአሳማ እግር፣ የስምንት እንግዳ ምሳ፣ የልጅቱም ትዳር አብሮ ሊደፋ ሆነ።

ይሄኔ ሚንቦ ከማገዶው ጀርባ አንድ ጫማ ጎተተ። ሹሊያን ራሷ ወር ሙሉ በመርፌ ለፍታ የሰፋችለት የጨርቅ ጫማ ነው፤ ገና ዛሬ ማጥለቁ ነበር። ፍም ወድቆበት አፍንጫው ተበስቷል። ውሃውን ያፈሰሰው እዚያ ላይ ኖሯል።

«እማማ፣ ድስቱን አልነካሁትም። ይሄንን ግን በምን አፌ ልንገርዎት?»

ጫማውን ገልበጥ አድርጋ አየችው። የድስት ማውጫውን ጨርቅ ወደ ቦታው መለሰች።

ከሰዓት ድስቱ ወረደ። በእኛ ዘንድ ያበሰለ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል፣ ሌላው ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል፤ ምላሱ ከደነዘዘ ማንም አይነካውም። ሹሊያን ማንኪያውን ልታነሳ ስትል ሚንቦ ቀደማትና ጎረሰ። ከዚያ በኋላ ስምንታችንም እንግዶች ዙሪያውን ተቀምጠን እንደ ሰዓት ቆጣሪ አፉን አፉን አየነው። እኔማ በየመሀሉ ምላስህን አውጣ እያልኩ ፋታ ነሣሁት፤ የልጅቱ የቀድሞ እጮኛ ቢሆን ሽታውን እንኳ ሳይጨርስ ይሸሽ ነበር ብዬም አጽናናሁት።

ሰዓቱ ሞላ። ምላሱ ደህና ነው። ሁላችንም ወደ ሳህናችን ስንዞር ሚንቦ ድፍረት አግኝቶ ሰርጉ ከአዲሱ ዓመት በፊት ይሆን እንደሆነ ሹሊያንን ጠየቃት።

እሷ ከድስቱ ቀና ሳትል፣ «እስቲ መጀመሪያ ዛሬን በደህና ዋልልን» አለችው።