አብሮ የመቀመጥ ሥራ

«ባሕር ማዶ ድረስ ሄደህ ተምረህ የመጣኸው መቀመጥ ነው?» አለችኝ አክስቴ።

ረቡዕ ጠዋት ነበር። በልብስ ስፌት ቤቱ ጥግ፣ ከልጇ ማሽን ጎን፣ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። ልጇ፣ ታላቄ ስለሆነች እትዬ የምላት፣ አንገቷን ደፍታ የአንድ ኮት የቁልፍ ቀዳዳ ትዘመዝማለች።

«አክስቴ፣ መቀመጡ ራሱ ሥራ ነው» አልኳት። «ሰው አጠገቧ ሲኖር ሐሳቧ አይበተንም። የተጠና ነገር ነው።»

«እኔስ ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ አልነበር?»

«አንቺማ እየተናገርሽ ነው የተቀመጥሽው።»

እትዬ ሳቀች፤ ስትስቅ እጇ ቆመ። ችግሩ ይኸው ነው። እጇ አንዴ ከቆመ መልሶ ማስነሳት በብርድ ጠዋት አሮጌ መኪና ከመግፋት ይብሳል።

ሥራዬ አእምሯቸው በሌላ መንገድ የሚሠራ አዋቂዎችን ማማከርና ከዕለት ኑሯቸው ጋር እንዲስማሙ ማለማመድ ነው። ዘመድ ማማከር እንደማይገባም ተምሬአለሁ። ይህን ለአክስቴ ብነግራት «ለባዕድ ሲሆን ባለሙያ፣ ለሥጋህ ሲሆን ሕግ አዋቂ!» ብላ አፌን አስያዘችኝ። እትዬ የትኩረት ችግር እንዳለባት ሐኪም የነገራት በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤተሰቡ ግን ሐኪሙን ቀድሞ ስም አውጥቶላታል፤ «ጅምር» ይላታል። ጨርቅ ስትቆርጥ የሚያህላት የለም፤ እጅጌው ሳይገጠም ግን ሌላ ትጀምራለች። አክስቴ በሷ ነገር ስትበሳጭ «የቆጡን አወርድ ብላ...» ትልና ትተወዋለች። ተረቱን እስከ መጨረሻው ስትለው ሰምቼ አላውቅም።

ሦስት ስፌት ቤቶች አሰናብተዋታል። ይህ አራተኛው ነው። ባለቤቱ ዋናው ሰፊ፣ ቁጡ ግን ፍርድ የሚያውቅ ሰው፣ ቁርጡን ነግሯታል፤ ለሆቴል አስተናጋጆች የታዘዙት ሃያ አራት ኮቶች ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ካላለቁ ማሽኗን ይዛ ትወጣለች። ሁሉም ተሰፍተዋል። የቀረው የዐሥሩ የቁልፍ ቀዳዳ፣ የሁሉም ቁልፍና ጠርዝ ነው። እትዬ በሕይወቷ የምትጠላው ነገር በሙሉ ማለት ነው።

ያልሞከርኩት የለም። ባለቀለም ካርዶች ግድግዳ ላይ ለጠፍኩላት፤ ቀለሞቹ አይስማሙም ብላ ቦታ ስታቀያይራቸው ዋለች። በየሃያ ደቂቃው የምትጮህ ትንሽ ሰዓት ገዛሁላት፤ ወደደቻትና ከተረፈ ጨርቅ ልብስ ጀመረችላት። የሰዓቷም ልብስ ቁልፍ የለውም።

ስለዚህ የቀረኝ መቀመጥ ብቻ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ አሠልጣኙ አጠገቧ ይቀመጣል፣ አይመክርም፣ አይቆጣጠርም፣ ዝም ይላል። ችግሩ እኔ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ከተመለስኩ በዓመት ውስጥ ሁለት ቤት ቀይሬ፣ ይዤ የመጣኋቸውን ካርቶኖች እስካሁን አልፈታሁም። አራት ወር ያደረ ሪፖርት በቦርሳዬ ይዤ እዞራለሁ።

አክስቴን በስንት ልመና ከሸኘናት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እየቆጠርክ ነው?» አለችኝ እትዬ ቀና ሳትል።

«ኧረ አልቆጠርኩም።»

«ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል።»

«እሺ፣ ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ ቀዳዳ። በዚህ ከቀጠልሽ...»

«ከቀጠልኩ ምን?»

መልሴን ሳትጠብቅ ክር ልታመጣ ተነሣች። እኔም ስልኬን አየሁ። አንድ መልእክት ነበር፤ መልእክት ደግሞ መልእክት ይወልዳል። ቀና ስል እትዬ ከተሰቀሉት ኮቶች የሦስቱን ኮሌታ በምላጭ ፈትታለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ኮሌታው አልተኛም። ተመልከተው፣ ወደ ላይ ይላል።»

«ማንም አያየውም!»

«እኔ አየሁት።»

«አስተናጋጅ ነው የሚለብሰው እኮ፣ ሙሽራ አይደለም! ዓርብ ነው የተባልሽው! አንቺ ጅምር!»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት። ገና በመጀመሪያው ቀን ቢሮዬ ስትመጣ «እዚህ ያ ስም አይነሣም» ብዬ ቃል የገባሁላት እኔው ነኝ። እትዬ ምላጩን አስቀመጠች፣ ቦርሳዋን አንጠለጠለች፣ ወጣች። ዋናው ሰፊ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጀርባ ሆኖ «በርታ፣ ባለሙያው» አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ይቅርታዬን አሰናድቼ መጣሁ። በርጩማዬ ላይ ዘበኛው ተቀምጠዋል።

የሕንፃው ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው። የጥበቃ ቤታቸው ጣሪያ ስላፈሰሰ ሠራተኞች ቆርቆሮውን እየነቀሉ ነበር፤ ስለዚህ የግቢው በር ከሚታይበት ከስፌት ቤቱ ደፍ ላይ በርጩማዬን ስበው ተቀምጠዋል። እትዬ ከኋላቸው ቁልፍ ትተክላለች። ሦስቱ ኮሌታዎች ተመልሰው ተሰፍተዋል። እውነቱን ልናገር፣ ተኝተዋል።

«እትዬ፣ ትናንት...»

«ዝም በላ!» አሉ ዘበኛው ዐይናቸውን ከበሩ ሳያነሱ። «ሰው ሥራ ላይ ነው።»

ደጅ ቆምኩ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ዘበኛው አይቆጥሩም፣ ጉልበታቸው አይንቀጠቀጥም፣ ስልካቸው ከኪሳቸው አይወጣም። መኪና ሲገባ «ገባ» ይላሉ፣ ሲወጣ «ወጣ» ይላሉ። በመሐል እትዬ ቁልፍ ትተክላለች። አምስት ዓመት ተምሬ፣ ፈተና ወድቄ፣ ደግሜ፣ ተመርቄ! ደሜ ፈላ።

ረፋዱ ላይ አክስቴ ብቅ ስትል ሮጬ ደረጃው ላይ ያዝኳት።

«ልጄን ልያት።»

«አትገቢም።»

«እኔን ነው የምትከለክለኝ?»

«ሥራዬ እንግዲህ ይኸው ሆኗል፤ አንቺን መከልከል።»

«ለዚህም ተማርክ!»

ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተኮራርፈን ተቀመጥን። ቀትር ላይ ዘበኛው ውሃ ሊጠጡ ሲወጡ አላስችል አለኝ።

«ጋሼ፣ ሲቀመጡ ምን ያስባሉ?»

«በሩን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ካሰብኩማ በሩን ማን ያይልኛል? አንተ ልጅ፣ ሥራ የለህም እንዴ?»

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሆቴሉ መኪና ግቢ ውስጥ ጡሩምባውን ነፋ። ሃያ ሦስት ኮቶች ተተኩሰው ተሰቅለዋል። እትዬ የሃያ አራተኛው የመጨረሻ ቁልፍ ላይ ናት። ሾፌሩ ደገመ። እትዬ መርፌውን ይዛ ቀና አለች።

«መኪናው ገብቷል» አሉ ዘበኛው ተረጋግተው። «እኔ ካልከፈትኩለት የት ይሄዳል?»

አጎነበሰች። ጥቂት ቆይታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ዋናው ሰፊ ኮቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ከሦስቱ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«እነዚህን ማን ፈታቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች።

«የቀሩትንም ብትፈቻቸው ጥሩ ነበር፤ ግን እንኳን ጊዜ አጣሽ» አለና ኮቶቹን ለሾፌሩ አሸከመው። «ማሽንሽ ባለበት ይቀመጥ። ትልቅ ትዕዛዝ ሲመጣ ግን ዘበኛውን ቀድመሽ ያዢ።»

ስለ እኔ የተባለ ነገር አልነበረም።

ሰኞ የጥበቃ ቤቱ ጣሪያ ተጠግኖ ዘበኛው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እትዬ ደወለችልኝ። ስፌት ቤቱ እንደገባሁ «ያን ስም በመጥራቴ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰምቼሃለሁ። ሁለተኛ እንዳትለኝ» አለች። «አሁን ስማኝ። አንተ ስትቀመጥ ዐይንህ እጄ ላይ ነው። እሳቸው በሩን ነው የሚያዩት። የራስህን ሥራ ይዘህ ተቀመጥ።»

«የምን ሥራ?»

«እዚያ ቦርሳህ ውስጥ ያለው ወረቀት ስንት ወሩ ነው?»

«አራት።»

«እንግዲህ!»

ተቀመጥኩ። እሷ ጠርዝ ታጥፋለች፣ እኔ እየተነጫነጭኩ እጽፋለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ የአክስቴ ጥላ ደፉ ላይ ወደቀ። ልጇን አየች፣ እኔን አየች።

«አሁን ደግሞ ሁለት ጅምር ሆናችሁ?»

ማናችንም ቀና አላልንም።