ለሦስት ሸማኔ የተከፈለ ዱንጉዛ

ሶልያና ሰው አታምንም ነበር። ከማን እንደወረሰችው እንጃ፤ እናቷ ሽታዬ ቤቷን ሳትቆልፍ ገበያ የምትሄድ ሴት ነች። ምናልባት ዘመኑ ይሆናል። ያኔ ሶዶ ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት ተጠርንፎ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በጎን የሚያይበት ጊዜ ነበር። ብቻ ልጅቷ ኮሌጅ ዲዛይን ስትማር፣ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ሰው ወረቀቷን በክንዷ ከልላ ነው የምትሥለው።

የዲዛይን ነገር ልቧን የወሰደው መምህር ጌታሁን ተማሪዎቹን ኢንተርኔት ቤት የወሰዳቸው ቀን ነው። ኮምፒውተሩ እያዘገመ ሥዕሎቹን ከላይ ወደ ታች ገለጠላቸው፤ የልጆች መጽሐፍ የሚሥሉ አሉ፣ እንጨት ቀርጸው ወረቀት ላይ የሚያትሙ አሉ፣ ክሩን ሳይቆርጡ ከጨርቁ ላይ አንጠልጥለው የሚተዉም አሉ። ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ አንዷ የማርያምወርቅ የምትባል የአዲስ አበባ ሴት ነበረች። ሶልያና ከዚያን ቀን ወዲህ ያረጀ የጫማ ሶል በምላጭ እየቀረጸች፣ ቀለም እየቀባች ባገኘችው ነገር ላይ ሁሉ ማተም ያዘች። የእንሰት ቅጠል፣ አሁንም የእንሰት ቅጠል። እናቷ የተበላሸውን መጋረጃ አይታ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብላ ሳቀችባት።

ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የተማሪዎች ሥራ በአዳራሽ እንደሚታይ ተነገረ። ራሷ የማርያምወርቅ መጥታ ከመካከላቸው አንድ ትመርጥና አዲስ አበባ ሥራ ቤቷ ወስዳ ታሠለጥናለች ተባለ። ሶልያና እንቅልፍ አጣች። ይህ ካመለጣት ሌላ ዕድል ከየት ይመጣል? ሐሳቡማ ነበራት፤ በወላይታ የባህል ልብስ በዱንጉዛ ቀለማት፣ በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ፣ ግድግዳ የሚሞላ አንድ ትልቅ የእንሰት ቅጠል በሸማ ማሠራት።

የሚሠራላት ሰው ግን ቸገራት። በሰፈሩ የታወቀው ሸማኔ አንጁሎ ነው፤ አንጁሎ ደግሞ የክፍል ጓደኛዋ የሶፊ አጎት። ሶልያና አንድ ቀን ሶፊን ወረቀቷን ሰርቃ ስታይ ይዛታለች፤ ቢያንስ የያዘቻት መስሏታል። በዚያ ላይ የአንጁሎ በር ሁልጊዜ ወለል ብሎ ክፍት ነው። የሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ሲሸምን መንገደኛው ቆሞ ያየዋል፣ ያወራዋል፣ ክሩን ይነካካል፤ እሱ አይከለክልም። ሌላው ሰው ደግነት የሚለውን ሶልያና ወጥመድ አለችው። የራሱን የማይደብቅ ሰው የሌላውን ምኑን ይደብቃል? ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች። ትልቅ ጨርቅ መቼም በቁራጭ ተሸምኖ ነው ኋላ የሚጋጠመው። ንድፏን በመቀስ ሦስት ላይ ቆራረጠችው። የላይኛውን ለአንጁሎ ሰጥታ ሻርፕ ነው አለችው። መካከለኛውን በሚኒባስ አረካ ወስዳ ኤልሳዕ ለሚባል ሸማኔ የጠረጴዛ ልብስ ነው አለችው። የታችኛው ሻንቶ ለሚኖረው ሸማኔ ለገብረማርያም ደረሰ፤ እሱን ደግሞ የትራስ ልብስ ነው አለችው። ለሦስቱም ከእርስዎ በቀር የማምነው ሸማኔ የለኝም ብላ ነገረቻቸው። ሦስቱም ደስ አላቸው።

አንጁሎ ብቻ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ቅጠሉ ለምን እንደተቆረጠ ጠየቃት፤ የቀረው ካለ ማየት እንደሚፈልግም ነገራት። ሌላ የለም አለችው፣ ዓይኑን እያየች። እሺ ብሎ ሥራውን ያዘ።

በዓሉ ሲቃረብ ሦስቱን ቁራጮች ከነንድፋቸው ሰብስባ ጨርቆቹን አልጋዋ ላይ ዘረጋቻቸውና ክው አለች። ኤልሳዕ ማጉን ጠበቅ አድርጎ የሚመታ ሰው ነው፤ የእሱ ቁራጭ አጥሯል። የገብረማርያም እጅ ላላ ያለ ነው፤ የእሱ ረዝሟል። የቅጠሉ ጅማት ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሲሻገር መንገዱን እየሳተ ይቀራል። ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እንደገና የሚያሠሩበት ጊዜ የለም፤ እንዳለ ሰፋችው።

አዳራሹ ውስጥ የማርያምወርቅ ከጨርቁ ፊት ቆመች፣ ወደኋላ ሸሸች፣ ተመልሳ ቀረበች። የተሰበረው ቅጠል ነፋስ የመታውን እንሰት ይመስላል ብላ ወደደችው፤ ሶልያናንም መረጠች። ሐሳቡን ከየት እንዳመጣችው ስትጠይቃት ሶልያና ከእርስዎ ሥራ ነው የተማርኩት አለች። ግማሹ እውነት ነው። ሶፊ ጥግ ላይ የሰቀለችው የልጆች መጽሐፍ ሥዕል ነበር፤ ጎመን የሚሸጡ ሴቶችና አንዲት ሳቂታ አህያ። ሸማ የሚባል ነገር ካጠገቡ አልደረሰም። ሶልያና አይታው አፈረች፤ ግን ተመርጣለችና ደስታዋ ዕፍረቷን ዋጠው።

«ሸማኔሽስ የታለ?» አለች የማርያምወርቅ። «እኔ ዘንድ ነዳፊና ሸማኔ ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት።»

ለጊፋታ ሶዶ ያልወጣ ሰው የለም። አንጁሎ ከሰዉ መሃል ቆሞ ነበርና ሶልያና «እሳቸው ናቸው» ብላ ጠቆመች። ይህን ስትል አንድ ሰው ቀረብ ብሎ መካከለኛውን ቁራጭ በጣቱ ነካ፤ ኤልሳዕ ነው፣ የጠረጴዛ ልብሱን አወቀው። ገብረማርያምም ከወዲያ መጥቶ ጎንበስ አለና የታችኛውን ጠርዝ ገልበጥ አድርጎ አየ። ሦስቱ በወላይትኛ ጥቂት ተነጋገሩ። ድምፁን ከፍ ያደረገ የለም። ሶልያና መሬቱ ቢውጣት ወደደች።

«ከኔ በቀር የምታምኚው የለም ብለሽኝ ነበር» አለ ገብረማርያም።

የማርያምወርቅ ነገሩ ገባት። በማግስቱ ከሸማኔዋ ጋር ካልመጣች ዕድሉ ለሌላ እንደሚሰጥ ነግራት ሄደች። ሶልያና ሁለቱን ሸማኔዎች የአዳራሹ በር ላይ ደረሰችባቸው። ኤልሳዕ ሥራ አለብኝ አላት። ገብረማርያም ትራሱን በደስታ ተጠቀሚበት ብሎ መርቋት ሻንቶ ገባ። አንጁሎ ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ የቀራት እሱ ብቻ ነው።

ጠዋት የተቆራረጠውን ንድፍ አጣብቃ፣ ምንም ሳትከልለው በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛ ወደ አንጁሎ ቤት ሄደች። ይቅርታውን መንገድ ሙሉ አጥንታዋለች። በሩ እንደወትሮው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አንድ ጎረቤት ደጃፉ ላይ ተደግፎ ሲሸምን እያየ ያወራዋል። አንጁሎ ቀና ብሎ አያት። መወርወሪያውን አስቀመጠ፣ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና የጀመረውን ሸማ ከእሷ ዓይን ሸፈነው፤ ዳርና ዳሩንም ጠቀጠቀው።

«ግቢ ልጄ» አላት፤ «በሩ ክፍት ነው።»