የክንዴ ሳል

ክንዴ በተቀበረበት ዕለት ደባርቅ ላይ የወረደው ጉም እስከ ቀትር አልተነሣም። አስከሬኑን የተሸከሙት ሰዎች፣ የኋለኛው የፊተኛውን ሳያየው፣ በድምፅ እየተጠራሩ ነበር ቤተ ክርስቲያን የደረሱት። ይግዛው ከቃሬዛው በስተቀኝ ነበረ። ሁለቱ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ስካውት ሆነው፣ ጠመንጃ አንግተው፣ እንግዳ ሲያጅቡ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጓደኛሞች ናቸው። በፓርኩ ማደሪያዎች፣ በሳንካበርና በጨነቅ፣ ብርዱ ሲጠና አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰዋል፤ አንድ ሲጋራም ለሁለት ተቀባብለዋል። መጀመሪያ እንግዶቹ ሲሰጧቸው ነበር የሚያጨሱት፤ እያደር ካልገዙ የማይውሉ ሆኑ።

ክንዴ ሳሉ ሲብስበት ጎንደር ሄዶ ተመርምሮ ነበር። ሐኪሙ ሳንባህን ሲጋራ ጨርሶታል አለው። ይህን የሚያውቁት ሚስቱ ዓለምዬና ይግዛው ብቻ ናቸው። ለቀረው ሰው፣ ለልጁ ለታገኘም ጭምር፣ «ብርድ ገባው» ተባለ። ማጨስ እዚያ አገር ነውር ነው። ሟችን ደግሞ በነውር የሚያነሣ የለም።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ የእድሩ ዳኛ አቶ አንዱዓለም ስብሰባ ላይ ብድግ አሉ።

«ሥራችን ድንኳን መትከልና መንቀል ብቻ ሆነ» አሉ። «ሰው በቁሙ ሳለ ያልደረሰለት እድር፣ ሲሞት ቢያለቅስለት ምን ይረባዋል? እየሳሉ የሄዱብንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምን እንደገደላቸውም ታውቃላችሁ፤ አፋችሁ ነው እንጂ ልባችሁ አላጣውም።»

ነገሩ ከዚያ ተጀመረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማጨስ መተው የፈለገ ሰው ጤና ጣቢያው ግቢ ካለው ወይራ ሥር ይሰበሰብ ጀመር። ነርሷ ሲስተር ሐመልማል በዕረፍት ቀኗ እየመጣች ታስተምራቸዋለች። ባለሱቆቹም ሲጋራ ለተማሪ ላለመሸጥ፣ ለማንም ቢሆን በነጠላ ላለመሸጥ በሽማግሌ ፊት ተማማሉ። ሕጉስ ድሮም ይከለክል ነበር፤ የታጣው የሚያከብረው ነው።

ይግዛው ብዙ ጊዜ አመነታ። ለፋሲካ ጾሙን ሲፈታ ግን በጾሙ የተወውን ሲጋራ ሳይፈታ ቀረ። በኪሱ ቆሎ መያዝ ጀመረ።

ክንዴ የመጣው ይግዛው ማጨሱን ከተወ በኋላ ነው።

እንግዶች ሳንካበር አድርሶ ብቻውን ሲመለስ ነበር። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ዋጠው። ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች ቀጥ ብለው የቆሙ ሰዎች መሰሉ። ከኋላው፣ በጣም ቅርብ ሆኖ፣ አንድ ሰው ሳለ። ሳሉን ያውቀዋል፤ አጭር አጭር ይልና መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት ይቀጥናል። ዞር ሲል ማንም የለም።

«ይግዛው» አለው ድምፁ፤ «እሳት አለህ?»

እጁ ሳያስበው ኪሱ ገባ። የጨበጠው ቆሎ ነው። አማተበና ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደው።

ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተለየውም። አንዳንዴ መንገድ ላይ፣ አንዳንዴ ገበያ መካከል፣ ሰው እየተንጫጫ ሳለ ጆሮው ሥር ይመጣል። የንስሐ አባቱ ጠበል አዘዙለት፤ ተጠመቀ። አልሄደም። በመጨረሻ እያፈረ ወይራው ሥር ተናገረ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሸጊቱ ግን አልሳቀችም። ጠላ ሻጭ ናት፤ ከልጆቿ ተደብቃ ከጓሮ ስታጨስ የኖረች።

«እኔን የምትጠራኝ የሞተችው እህቴ ናት» አለች። «ሲጋራ የራሱ ድምፅ የለውም፣ አያ ይግዛው። የምንወደውን ሰው ድምፅ ተውሶ ነው የሚመጣ።»

«ሲመጣ አይመልሱለት» አለች ሲስተር ሐመልማል። «ጥቂት ይቆዩ፤ ውሃ ይጠጡ፤ ሰው አጠገብ ይሂዱ። ያልፋል።»

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይግዛው ከገበያ ሲመለስ በትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ያለውን መንገድ ያዘ። ጉሙ እስከ መሬት ወርዶ ነበር። ከፊቱ አንድ ሰው ቆሟል። አረንጓዴ የስካውት ካፖርት ለብሷል፤ አንገትጌው ላይ በጥቁር ክር የተጣፈ ካፖርት። የክንዴ ካፖርት። ሰውየው ሳለ፤ አጭር አጭር፣ መጨረሻው ቀጠን ያለ።

«ወንድሜ፣ እሳት አለህ?»

ይግዛው አጥሩን ይዞ ቆመ። ሰውየው ቀረብ ሲል ግን ፊቱ ለጋ ነው። ታገኘ ነበር፣ የክንዴ ልጅ። ከኋላው ሁለት ጓደኞቹ ግድግዳ ተደግፈዋል። ታገኘ ይግዛውን ሲለየው ሲጋራውን መዳፉ ውስጥ ጨበጠውና ጉሙ ውስጥ ገባ።

ይግዛው ቤቱ አልሄደም። በቀጥታ ዓለምዬ ዘንድ ሄደ።

«ልጁ ያጨሳል» አላት ሳይቀመጥ።

ዓለምዬ የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች። «ካፖርቱ ይሸተኝ ነበር። የአባቱ ሽታ ነው፣ ሳይለቀው ቀርቶ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።»

«አባቱን ምን እንደገደለው ያውቃል?»

«በምን አፌ ልንገረው? ያጫሽ ልጅ እንዳይባል ብዬ…» እንባዋ መጣ። «አንተ ንገረው። ከኔ ይልቅ ያንተን ይሰማል።»

በማግስቱ ታገኘን ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጠብቆ ነገረው። ሐኪሙ ያለውን፣ ክንዴ በመጨረሻው ሰሞን ተኝቶ መተንፈስ ሲያቅተው፣ ቁጭ ብሎ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያነጋ፣ ሁሉንም ነገረው። ልጁ መሬት መሬት እያየ ሰማ። ከዚያ ቀና አለ።

«አብራችሁ አልነበር የምታጨሱት?»

«አብረን ነበር።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን አልሞቱም?»

ልጁ መልስ አልጠበቀም፤ ጥሎት ሄደ።

ያን ቀን ሳሉ ለቀቅ አላደረገውም። በእያንዳንዱ እርምጃው ኋላ ይሰማዋል። ቤቱ ሊደርስ ሲል እግሩ ወደ ገዱ ሱቅ ታጠፈ።

«ገዱ፣ አንድ ስጠኝ።»

ገዱ አየው። «በነጠላ አልሸጥም፣ አያ ይግዛው።»

«በፓኮ ስጠኝ!»

«ለእርስዎ በፓኮም አልሸጥም። ይቆጡኝ።»

ይግዛው ተቆጣ፤ ተሳደበ፤ ባንኮኒውን በመዳፉ መታ። ከዚያ ቤቱ ገብቶ መደቡ ላይ ተኮራምቶ ተቀመጠ። ገዱ ሱቁን ዘግቶ ሸጊቱን ሊጠራ ሄደ፤ እሷ ለሐመልማል ደወለች። ብዙም ሳይቆዩ ቤቱ በሰው ሞላ። አቶ አንዱዓለምም በትራቸውን ይዘው መጡ። ማንም የመከረው የለም። ሸጊቱ ውሃ ቀዳችለት፤ ሌሎቹ ስለ ዘሩና ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ውጭ ዝናብ ጀመረ።

ዓለምዬም ሰምታ ኖሮ በዚያው ዝናብ መጣች። ታገኘ ከኋላዋ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ካፖርቱ ይንጠባጠባል። ይግዛው ቀና ብሎ አየው።

«ትናንት እዚያ ጉም ውስጥ ሳይህ አባትህ መስለኸኝ ነው የደነገጥሁት» አለው። «ከሞተ በኋላም እሰማዋለሁ። ይጠራኛል፤ ይስላል። ለምን እኔ እንደቀረሁ ግን አላውቅም፣ ልጄ። ባውቅ እነግርህ ነበር።»

«እኔም እሰማዋለሁ» አለ ታገኘ።

ዓለምዬ ዞረች። «ምኑን?»

«ሳሉን። እቤት፣ ከመጋረጃው ወዲያ። አንቺ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ሳጨስ ግን የምስለው እኔ ስለምሆን የሱ አይሰማኝም።»

እናቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «እኔም እሰማዋለሁ» አለች በቀጭን ድምፅ። «በየማለዳው። እኔ ብቻ መስሎኝ…» ከዚያ ልጇን ቀና ብላ አየችው። «አያ ይግዛው የነገረህ እውነት ነው። ብርድ አይደለም የገደለው። የዋሸሁህ እኔ ነኝ።»

ሁሉም፣ አቶ አንዱዓለም ሳይቀሩ፣ አንድ ነገር የሚጠብቁ ይመስል ጆሯቸውን አቀኑ። ቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ በቀር የተሰማ ነገር አልነበረም።

ታገኘ በአንድ ጊዜ አልተወም። ሁለት ጊዜ ተመልሶ አጨሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሱ ሄዶ ለሐመልማል ነገራት። ወይራው ሥር ከሽማግሌዎቹ መካከል የሚቀመጥ ብቸኛ ተማሪ እሱ ነበር፤ በኋላ ግን ግድግዳ ተደግፈው የነበሩትን ጓደኞቹን ይዞ መጣ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት በባንዲራው ሥር ቆሞ የአባቱን ስምና የገደለውን ነገር ተናገረ። ከተማሪው ማንም አላሾፈበትም። ወሬው ገበያ ሲደርስ አንዳንዱ ዓለምዬን «እንዴት ሟችን ታሳማለች» ብሎ አማት። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ለጠየቃት ሁሉ እውነቱን ተናገረች።

ሳሉ ጨርሶ ጠፋ ማለት አይደለም። ጉም በወረደ ቀን ይግዛው ዛሬም ይሰማዋል። አይመልስለትም፤ ሳሉም ይሄዳል።

የመስቀል ሰሞን ታገኘ «አባቴ ይውልበት የነበረውን ያሳዩኝ» አለው። ሰማዩ በጠራ ቀን ወጡ። ዳገቱ ላይ ይግዛው ትንፋሽ አጠረውና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ልጁ ሳይቀድመው ቆሞ ጠበቀው። ከሥራቸው ገደሉ፣ ከገደሉ ማዶ የገብስ ማሳዎች ይታያሉ።

«እዚህ ሲደርስ ምን ያደርግ ነበር?»

«ይጣራ ነበር። ዝም ብሎ። እታች ያለ ሰው እስኪመልስለት ይጣራል።»

ታገኘ ወደ ጫፉ ቀረብ አለ፤ እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ ባለ በሌለ ኃይሉ ተጣራ። ድምፁ ገደሉን ይዞ ወረደ። ቆዩ። ከታች፣ ከማሳው ዳር፣ የአንድ ገበሬ ድምፅ ቀጥኖ መጣ።

«አቤ…ት! ማነህ?»

«ታገኘ ነኝ! የክንዴ ልጅ!»

የገበሬው ድምፅ እንደገና ወጣ።

«ቀይ ላም ጠፍታብኛለች! ከላይ ሆነህ ትታይሃለች?»

ይግዛው ከድንጋዩ ተነሣ። ሁለቱም ከጫፉ ላይ ሆነው፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው፣ ላሟን ይፈልጉ ጀመር።