ሦስት ጊዜ እንቢ

አቶ ገብረመንፈስቅዱስ አንኮበር ላይ ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምረው ጡረታ ቢወጡም፣ ምክራቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱትን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እየሰበሰቡ ለዩኒቨርሲቲና ለሥራ ያዘጋጁ ነበር። የትምህርታቸውም መሠረት አንድ ነው፤ «የጨዋ ልጅ ራሱን አያመሰግንም፤ የሰጡትንም ሦስት ጊዜ እንቢ ሳይል አይቀበልም።»

ይህን ትምህርት እንደ ሰአዳ አጥብቆ የያዘ አልነበረም። ሰአዳ የአልዩ አምባ ልጅ ናት፤ የአባቷ የወፍጮ ሞተር ሲያስቸግር ፈትታ የምትገጥመው እርሷ ነበረች። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ተለማማጅ እንደሚፈልግ ከሰማች ወዲህ እህል አልወርድ ብሏት ሰነበተ። ቦታው አንድ ብቻ ነው፤ ለመጨረሻው ቃለ መጠይቅ የቀረቡት ግን ሁለት፣ እርሷና የክፍል ጓደኛዋ አንተነህ።

በቀጠሮው ቀን መምህሩ ራሳቸው ይዘዋቸው መጡ። ከቢሮው በራፍ ላይ ጣታቸውን ቀስረው «ትሕትና!» ብለው አስጠነቀቁና ወደ ግቢው መውጫ ሄደው ቆሙ።

«ሁለታችሁም ግቡ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

«ግቢ እንጂ፣ ሰአዳ።»

«ወላሂ አልገባም! አንተ ቅደም።»

«ሴት ቆማ?»

«ታላቄ ቆሞ?»

«በሁለት ወር እኮ ነው የምበልጥሽ!»

«ሁለት ወርስ ቢሆን፣ ታላቅ አይደለህም?»

ትሕትና የምግባር ሁሉ ጌጥ ናት፤ ይሁን እንጂ ጌጡን ከልኩ በላይ የደረበ ሰው መራመድ ይሳነዋል። በመጨረሻ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር እማዋይሽ ወጥተው ሁለቱንም ባንድ ላይ እየገፉ አስገቧቸው።

ወንበር ቢያሳዩአቸው አንቀመጥም አሉ። ኢንጂነሯም የሸዋ ልጅ ናቸውና እንግዳ ቆሞ መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ ተነሡ። አጠገባቸው የነበረው ጸሐፊም አለቃው መቆማቸውን አይቶ ተነሣ። ቃለ መጠይቁ ሁሉም እንደቆሙ፣ አራት ባዶ ወንበሮች ብቻ እንደ ሽማግሌ ተሰይመው ተጀመረ።

«እስቲ ስለ ማሽን ምን ታውቂያለሽ?»

ሰአዳ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «እኔ ምን አውቄ!»

«አንተስ?»

«እኔማ ከእርሷም አንሳለሁ።»

«ውሸቱን ነው! በሒሳብ ከክፍላችን አንደኛ ነው!»

«አይስሟት፣ እትዬ! የአባቷን የወፍጮ ሞተር ፈትታ የምትገጥመው እርሷ ናት!»

«አንተነህ፣ አታዋርደኝ!»

«ዓይኗን ጨፍና ነው የምትገጥመው!»

«ምቀኛ!»

ኢንጂነሯ ሳቃቸውን በወረቀት ሸፈኑ። «በሉ ይበቃል። ሰአዳ፣ ቦታው ያንቺ ነው። ሰኞ ትጀምሪያለሽ?»

የሰአዳ ልብ ዘለለ፤ አፏ ግን የተማረውን አልረሳም። «ኧረ አይሆንም!»

«በሞቴ?»

«ለእርሱ ይሁን።»

ኢንጂነሯ ወጉን ስለሚያውቁ ሦስተኛውን ሊጠይቁ ተዘጋጁ። የጸሐፊው ብዕር ግን ወግ አያውቅም፤ ከስሟ ትይዩ «አልተስማማችም» ብሎ ሊጽፍ «አልተስ» ላይ ደርሷል። ሰአዳ ይህን ስታይ ሦስተኛው እንቢታ ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ።

«እሺ!» ብላ ጮኸች። «እሺ፣ እሺ! ዛሬም ቢሆን እጀምራለሁ!» ብላም ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ያን ጊዜ ሁሉም እፎይ ብለው ተቀመጡ።

«እኔስ ቢሆን ዩኒቨርሲቲ ነበር የምፈልገው» አለ አንተነህ፤ «ጋሼን እንቢ ማለት አፍሬ ነው የመጣሁት።»

ከግቢው ሲወጡ መምህሩ በጉጉት ተቀበሏቸው። «እህሳ፣ ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አለፍኩ!»

«ሦስቱንም እንቢ አልሽ?»

«ሁለቱን ብያለሁ፣ ጋሼ። ሦስተኛው አመለጠኝ።»

አቶ ገብረመንፈስቅዱስ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ መናኸሪያም ይዘዋቸው ሄዱ። የአንኮበሩ ሚኒባስ ሊነሣ ሲል ሁለት ቦታ ብቻ ቀርቶት ነበር።

«ይግቡ፣ ጋሼ» አለች ሰአዳ።

«ኧረ እናንተ ቅደሙ!»

«እሺ!» አለችና ዘላ ገባች፤ አንተነህም ተከተላት። በሩ ሲዘጋ መምህሩ ገና ሁለተኛውን እንቢታ እያሰናዱ ነበር።