የፎርማኑ ክቦች

ገምጋሚዋ በአራት ሰዓት ይመጣሉ ከተባለ ጀምሮ ኢንጂነሯ መቆሚያ መቀመጫ አጥታለች። ከሁለቱ ወንበሮች ደህናውን መስኮቱ አጠገብ አደረገችው። ፀሐይ ያስቸግራቸዋል ብላ ወደ ግድግዳው ወሰደችው። እዚያ ደግሞ የመጸዳጃው በር ሲከፈት ጀርባቸውን ይመታቸዋል። መልሳ ወደ መስኮቱ። ሰዓቷን ስታይ ገና ሁለት ተኩል ነው፤ ወንበሩን ሌላ አሥር ጊዜ ለማዘዋወር የሚበቃ ጊዜ አላት ማለት ነው።

ድርጅት ሲባል ግዙፍ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት ክፍል ወርክሾፕ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ እሷና አባቷ፤ አለቀ። የሚሠሩት የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ የሚያክል መሣሪያ ነው። ቧንቧ ላይ ሲለጠፍ የውሃውን ድምፅ ያዳምጥና መሬት ውስጥ የሚያፈስ ቦታ ካለ ይናገራል። ድምፁን እንዲለይ ያስተማሩት አባቷ ናቸው። ሰው ሁሉ ፎርማን ነው የሚላቸው፤ ውሃ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ሲያዳምጡ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። የብረት ዘንጋቸውን አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ ደግነው “እዚህ ጋ” ካሉ፣ እዚያው ጋ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከመንገድ መንገድ ዞሩ። መሣሪያው ድምፁን ይቀዳል፤ ፎርማን ያዳምጡና “ያፈሳል” ወይም “አያፈስም” ብለው በደብተር ይጽፋሉ፤ እሷ በየሳምንቱ ወደ ኮምፒውተር ትገለብጠዋለች። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ መስመር ደርሷል። ከዚያ ውስጥ መቶ ሃምሳውን ውሃ መሥሪያ ቤቱ ቆፍሮ አይቶታል።

ወጪውን የቻለው መንግሥት ለትናንሽ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች የሚሰጠው የምርምር ድጋፍ ነው። የመጀመሪያው ዙር ሐሳቡ ያዋጣ እንደሆነ መሞከሪያ ነበር፤ አልቋል። ሁለተኛው ከተፈቀደ ሌላ ሁለት ዓመት ያሠራቸዋል። ካልተፈቀደ ወርክሾፑ ይዘጋና ሌላ ከተማ ያለ የስልክ ኩባንያ የሰጣትን ሥራ ትይዛለች። እስከ ዓርብ ቁርጡን አሳውቂን ብለዋታል፤ ዛሬ ረቡዕ ነው። እሷ ከሄደች ፎርማን ከዘንጋቸው ጋር ብቻቸውን ሊቀሩ ነው።

ማመልከቻውን አንድ ወር ለፍታ ነው የጻፈችው። ከተቆፈረው ከመቶ ሰማንያ ዘጠኙ ልክ ነው፣ ብላለች። መሣሪያችን የሰለጠነ ጆሮን ይተካል፣ ብላለች። “ገና ያላወቃችሁት ምንድን ነው?” የሚል የሚሞላ ሳጥንም ቅጹ ላይ ነበር። “የጎላ ነገር የለም” ብላ ሞላችው። ገንዘብ ፈልጎ የመጣ ሰው አላውቅም ይላል እንዴ?

“አባዬ!” ብላ ተጣራች። ዝም። “አባዬ!” ዝም። ፎርማን ጀርባቸውን ሰጥተው ዘንጋቸውን ይወለውላሉ። እንዲህ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ሦስተኛው ላይ፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ ጮኸች። “እየጠራሁህ እኮ ነው!” ዞረው ፈገግ አሉ። ስትጮህባቸው ሁሌ ፈገግ ይላሉ፤ ፈገግታቸው ደግሞ ይብስ ያንጨረጭራታል።

አባቷን አንተ እያለች ነው ያደገችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ እዚያ ቤት አንተ እና አንቺ ብቻ ነው የቀረው።

“ና እስቲ እንለማመድ” አለች። “ማዳመጫውን አድርግና፣ ስትሰማ ጭንቅላትህን ነቅነቅ አድርግ። ሴትዮዋ እንዲያዩህ።”

ፎርማን አፏን ትኩር ብለው አዩ። ፈገግታቸው ጠፋ።

“ይሄ ይቅርብን” አሉ።

“ምኑ?”

“ነቅነቁ።”

“አባዬ በናትህ፣ ዛሬን እንኳ አታስቸግረኝ!”

ትንሽ አመነቱና ተቀምጠው ማዳመጫውን አጠለቁ። ስክሪኑ ላይ የቅጂው ቁጥርና ቦታው ተጽፏል፦ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣ ዳቦ ቤቱ ማዕዘን። አስጀመረችው። ነቅነቅ፣ ነቅነቅ። “ያፈሳል” አሉ፤ እንደ ወትሮው ደስ ብሏቸው አይደለም። ደግ ነው ብላ ውሃ ልትጠጣ ስትዞር የማዳመጫውን ገመድ አየችው። ጫፉ ጠረጴዛው ላይ፣ ብሎኖቹ መሀል ተጋድሟል። አልተሰካም።

ገመዱን ሳትነካ ሌላ ቅጂ አስጀመረች። ነቅነቅ። “አያፈስም” አሉ።

ግቢው ውስጥ ሦስት ጊዜ ዞረች። አባቷ አይሰሙም። እንዲያው ትንሽ ደከም ያለ ጆሮ አይደለም፤ ጭራሽ አይሰሙም። ከመቼ ጀምሮ? ከየትኛው መስመር ጀምሮ? ታዲያ እነዚያ ሁሉ “ያፈሳል”ዎች ከየት መጡ? ስክሪኑ ላይ ያለውን አድራሻ አንብበው፣ የዱሮውን አስታውሰው ነው? ገብታ ልትጠይቃቸው በሩ ጋ ደረሰች፤ ተመለሰች። ብትጠይቃቸው ይነግሯታል። ከነገሯት ደግሞ እያወቀች ልትዋሽ ነው። ካልጠየቀች ግን አላወቀችም። ይህንን ስታስብ በራሷ አፈረች፤ ቢሆንም አልጠየቀችም። አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል መኪና ቆመ።

ገምጋሚዋ አጭር፣ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረጉ፣ ከራሳቸው የሚከብድ ቦርሳ የተሸከሙ ሴት ናቸው። ያ ሁሉ መከራ ያየ ወንበር ዞር ብለውም አላዩት፤ የሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ።

“ሠንጠረዡን አይቼዋለሁ” አሉ። “መጀመሪያ በእጅ የተጻፈው የታለ?”

አራቱን ደብተሮች አቀረበችላቸው። እየገለጡ ፎርማንን መጠየቅ ጀመሩ። ዘንጉ ከምን ብረት ነው? “ከተራ ብረት ነው” አለች ኢንጂነሯ። በቀን ስንት ቦታ ያዳምጣሉ? “እስከ ስምንት” አለች ኢንጂነሯ። ዝናብ ሲዘንብስ? “ዝናብ ሲዘንብ አይወጡም” አለች ኢንጂነሯ።

ገምጋሚዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። “ልጄ፣ አባትሽ አፍ የላቸውም?”

ሳቀች፤ ሳቋ ለራሷም አስጠላት። ገምጋሚዋ ወደ ደብተሩ ተመለሱና አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ከቁጥሩ አጠገብ በብዕር የተሠራች ባዶ ክብ አለች። ከሥሯ ሌላ። ገጹ ላይ በየቦታው።

“እነዚህ ክቦች ምንድን ናቸው?”

“እ... ብዕሩ ይጽፍ እንደሆነ ሲሞክሩ ነው” አለች። አልዋሸችም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትገለብጥ የመሰላት ይኸው ነው።

ፎርማን ጥያቄውን አልሰሙም። ጣቱን ግን አዩ፤ ክቧን አዩ። ወደ ልጃቸው አንዴ ተመለከቱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እሱ ያልሰማሁት ነው” አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ኢንጂነሯ ደስ ባላት።

“የኛ ሥራ ደንብ አለው” ብለው ቀጠሉ ፎርማን። “ሰምቼ ያልኩትን ዝም ብዬ እጽፋለሁ። ሳልሰማ በሌላ ነገር የገመትኩትን ክብ አደርግበታለሁ። ከኋላዬ የሚመጡት ቆፋሪዎች ክብ ካዩ አስፋልት አይሰብሩም፤ መጀመሪያ ያጣራሉ። ሳይሰማ፣ ክብም ሳያደርግ ያስቆፈረ ሰው ደብተሩን ይነጠቃል። እኔ ሠላሳ ዓመት አልተነጠቅሁም።”

“በምን ነው የሚገምቱት?”

ፎርማን ዓይናቸው ደብተሩ ላይ ነበር። ገምጋሚዋ ነገሩ ገባቸው፤ ፊታቸውን ወደ እሳቸው አቅንተው ቃል በቃል ደገሙላቸው።

“በብዙ ነገር። በሣሩ፣ በአስፋልቱ ቅዝቃዜ፣ ቆጣሪው በሚዞርበት ሁኔታ። አንዳንዴ ግን በምን እንደሆነ እኔም አላውቀው። እግሬ ይቆማል።”

ገምጋሚዋ ገጹን ቆጠሩ። ሠላሳ መስመር፣ አሥራ ዘጠኝ ክብ። ከዚያ የኮምፒውተሩን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አደረጉት። ቁጥር፣ ቦታ፣ ቀን፣ ውሳኔ። ክብ የሚባል ዓምድ የለም።

“ማመልከቻሽ የሰለጠነ ጆሮ ይላል” አሉ። “የትኛው ጆሮ ነው?” መልስ አልጠበቁም። “አባትሽ ግምቱን ግምት ነው ብለው ጽፈዋል። አንቺ ነሽ እውነት አድርገሽ ያስገባሽው። ይሄን ይዤ ብሄድ ዛሬውኑ ውድቅ ነው።”

ቦርሳቸውን አነሱ፤ ኢንጂነሯም አለቀልኝ አለች። በሩ ላይ ግን ቆሙ።

“ፋይሉ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ክቦቹ ገብተው ከደረሰኝ እሱን አየዋለሁ፤ ካልደረሰኝ ያለውን። ቃል አልገባልሽም። ያቺን ሳጥን ደግሞ ተመልሰሽ አንብቢያት። የምርምር ገንዘብ ለታወቀ ነገር አይከፈልም።”

መኪናው ሄደ። ፎርማን እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆመዋል። “አበላሸሁብሽ?” አሉ።

“ጊዜ የለንም አባዬ” አለች። ልትጠይቃቸው የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ከጠየቀች ግን ታለቅሳለች፤ ለሥራውም ለልቅሶውም ደግሞ የቀራቸው ስድስት ሰዓት አይበቃም።

ተቀመጡ። እሷ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቁጥር ትጠራለች፣ እሳቸው ከደብተሩ “ክብ” ወይም “የሰማሁት” ይላሉ። ሃያ መስመር ሳይሄዱ ተምታታ። እሷ አሥራ ሰባት ስትል እሳቸው አሥራ ዘጠኝ ላይ ናቸው። “አሥራ ሰባት እኮ ነው ያልኩት!” ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ተነስታ ጠረጴዛውን ጎተተችና ፊት ለፊት እንዲሆኑ አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ፣ አፏን አሳይታ ቁጥሩን ትላለች፤ እሳቸው ይመልሳሉ፤ ዝቅ ብላ ትጽፋለች። ቀና፣ ዝቅ፣ ቀና፣ ዝቅ። አንገቷ እስኪነቀል።

አርባ አንድ ላይ “ክብ” አሉ። የመጀመሪያዋ ክብ። ቀኑን አየችው፤ ሥራውን በጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። እጇ ቁልፎቹ ላይ ቆመ። ፎርማን “ምነው?” አሉ። “አርባ ሁለት” አለች።

ምሳ አልበሉም። ስልክ ጮኸ፣ ማንም አላነሳውም። ስድስት መቶ ላይ ፎርማን ውሃ ጠጡ። ዘጠኝ መቶ ላይ መብራት ብልጭ ድርግም ብሎ ልቧን ወደ አፏ አመጣባት። የመጨረሻው መስመር ሲያልቅ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር፤ የተቆፈሩትን ለይታ ቆጠረች። ተሳስቼ ነው ብላ ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ሳጥኗን ከፈተችና “የጎላ ነገር የለም” የሚለውን አጠፋችው። በምትኩ እንዲህ ጻፈች፦

“ፎርማኑ ሰምተው ከወሰኑት ስልሳ ቦታ ሲቆፈር ሃምሳ ሦስቱ ልክ ሆኗል። ሳይሰሙ ከወሰኑት ዘጠና ቦታ ሲቆፈር ሰማንያ አንዱ ልክ ሆኗል። ሳይሰሙ በምን እንደሚያውቁ እኛ አናውቅም፤ እሳቸውም አያውቁም። ማወቅ የምንፈልገው ይህንን ነው።”

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ላከችው።

ነገሩን ላለማንዛዛት፣ ድጋፉ ተፈቅዷል። ደብዳቤው የመጣው ግን ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ለስልክ ኩባንያው ዓርብ ዕለት አልመጣም ብላ ስትመልስ ይፈቀድ አይፈቀድ ምንም የምታውቀው ነገር አልነበረም። ያን ረቡዕ ግን፣ ፋይሉ እንደሄደ፣ ፎርማን እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ቧንቧው ሄደው ነበር። ተከተለቻቸው። “አባዬ” ልትል ፈልጋ ተወችው፤ ዞራ ፊታቸው ቆመች።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ምኑን?”

“አለመስማትህን።”

ፎርማን በእርጥብ እጃቸው ቧንቧውን ዘጉ። የምር ግራ ገብቷቸዋል።

“ነግሬሻለሁ እንጂ። በየገጹ። ያን ሁሉ ክብ ስትገለብጪው አይደል የከረምሽው? የምታውቂ ነው የመሰለኝ። ዛሬ ነቅንቅ ስትይኝ ብቻ ነው የከፋኝ፤ ሸፍንልኝ ያልሽኝ መሰለኝ።”

“አላወቅሁም ነበር አባዬ።”

“እንዴ! ታዲያ ለምንድን ነው ያን ሁሉ ጊዜ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ የምታናግሪኝ?” አሉ፤ ያ የሚያንጨረጭራት ፈገግታ ፊታቸው ላይ መጣ። “ሰው እኮ የማይሰማ አባት ሲኖረው ይሰለቻል። አንቺ ግን ስትጠሪኝ ካልሰማሁ ሦስተኛው ላይ ጮክ ትይልኛለሽ። አንድ ቀን እንኳ ደነቆርክ ብለሽኝ አታውቂም። ልጄ ጨዋ ናት እያልኩ ለእናትሽ ፎቶ ሁሉ እነግራት ነበር።”

ኢንጂነሯ እንባዋ መጣ። የምትጮኸው ተናዳ እንደነበር ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ፎርማንም ሊያነቡት አፏን ትኩር ብለው አዩት። መልሳ ዘጋችው። ፎጣውን ከመስቀያው አውርዳ ሰጠቻቸውና፣ ፊታቸው እንደቆመች፣ ጮክ ብላ፣ “ምሳ አልበላንም እኮ” አለቻቸው።